የሦስተኛው ጠረጴዛ ሰልፍ

ሲስተር አርባ ስድስት ዓመት ሲሞላት ደብተር ልትገዛ ወጣች። ሻጩ ለልጇ መስሎት ኳስ የተሳለበትን አቀረበላት። ለራሴ ነው ስትለው አንዴ እሷን አንዴ ደብተሩን አየና ወፍራሙን ባለ መስመር አወረደላት።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ፎቅ፣ በወንዶች የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ሆና ስትሠራ ስሟ ከሰው አፍ ጠፍቶ ነበር። ሐኪሙም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ በሽተኛውም፣ ኋላ ኋላ ጎረቤቱም ሲስተር ነው የሚላት። ባሏ እንኳ ሲያኮርፍ ሲስተር ይላታል፤ ሲታረቃት ነው በስሟ የሚጠራት። እኛም ሲስተር እንበላት፤ አይከፋትም።

እጇ አርፎ አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ የማታውቀው ሰው ኮሌታ ተቀልብሶ ካየች ታስተካክላለች። የሰው ልጅ አፍንጫ ትጠርጋለች። ሰው ቤት ተጋብዛ የተጣመመ ሥዕል ካየች ምግቡ ሳይቀርብ በፊት ተነስታ ታቃናለች። ዩኒቨርሲቲ የገባች አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ልጅቷ ከእናቷ ጋር መንገድ በወጣች ቁጥር «እማዬ፣ እጅሽን ሰብስቢ» እንዳለች ነው። ሲስተር ትሰበስባለች። ከዚያ ትረሳዋለች።

ልትማር የገባችው ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ የትምህርቱ ስም የእርጅና ኤፒዲሚዮሎጂ ይባላል። ባሏ ፀጉር አስተካካይ ነው። ይህን ስም ለደንበኞቹ ለማስረዳት ሦስት ቀን ታግሎ አልሆንለት ሲል፣ በአራተኛው ቀን «ሽማግሌ ትቆጥራለች» ብሎ ተገላገለ። ብዙም አልተሳሳተም። ማን እንዴት እንደሚያረጅ፣ ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ ማን ወድቆ እንደሚሰበርና ለምን እንደሚወድቅ፣ በአንድ ሰው ሳይሆን በብዙ መቶ ሰው ላይ እየለኩ የሚያጠኑበት ትምህርት ነው።

«እርጅናን ለመማር ትምህርት ቤት መግባት ምን ያደርጋል?» አለው አንዱ ደንበኛ፣ አገጩ በአረፋ እንደተሸፈነ። «ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው እንጂ።»

ባልየው ይህን እየሳቀ ነገራት። እሷም ሳቀች። ወደ ትምህርቱ የገፋት ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው። በሳንባ ምች ታመው እሷ ዋርድ ሦስት ሳምንት ተኙ። ማገገም ሲጀምሩ ሲስተር በየቀኑ ከአልጋ አስነስታ ወንበር ላይ፣ ከወንበር አስነስታ ኮሪደር ላይ ታወጣቸዋለች። የጋውኗ ቁልፍ ላልቶ ቢያዩ ጊዜ መርፌና ክር አስመጥተው የሰፉላት እሳቸው ናቸው። የመውጫቸው ቀን ሐኪሙ «ይነሳሉ?» ብሎ ሲጠይቃት «እንደ ጎረምሳ!» ብላ መልሳ፣ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። በሦስተኛው ቀን ዳሌያቸው ተሰብሮ ተመለሱ። ቤታቸው ውስጥ ከወንበር ሊነሱ ሲሉ ነው የወደቁት።

«እዚህ እኮ ደህና ነበር የምነሳው፣ ሲስተር» አሏት። ወቀሳ አልነበረም፤ የምር ገርሟቸው ነው። ከዚያ አልጋ ተመልሰው አልወረዱም።

ይህ ነገር ሲስተርን አልለቀቃት አለ። ሌሎችንም ልብ ማለት ጀመረች፤ ዋርዱ ውስጥ ቀጥ ብለው ይነሳሉ፣ ቤታቸው ሄደው ይወድቃሉ። ለትምህርቱ ስታመለክት «ለምን መማር ፈለጉ?» የሚል ባዶ ቦታ ነበረበት። ሌሎቹ አመልካቾች ተጨማሪ ወረቀት አያይዘው ሞሉት። እሷ አንድ መስመር ጻፈች፤ «እኛ ጋ ደህና የሚነሱ ሽማግሌዎች ቤታቸው ሄደው ለምን ይወድቃሉ?» ፕሮፌሰሩ ለዚያች መስመር ሲሉ እንደተቀበሏት በኋላ ነግረዋታል። ሆስፒታሉ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ ሰጣት። የነርሶቹ አለቃ ሜትሮኗ ደብዳቤውን ስታስረክባት «ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ዓመት ነው፤ አንዲት ቀን አልጨምርም። ሳትጨርሺ ከመጣሽ ያው ዋርድሽ ነው፤ ሁለተኛ ፈቃድ የለም» አለቻት።

የክፍል ጓደኞቿ ልጆቿ መሆን የሚችሉ ናቸው። ከሁሉም የምትቀርባት አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ቁጥር በቃሏ ስለምታባዛ ክፍሉ ካልኩሌተር ብሏታል። ካልኩሌተር ለሲስተር ስታቲስቲክስ ታስጠናታለች፤ ሲስተር ደግሞ ለካልኩሌተር ሽማግሌ ማነጋገር ታስተምራታለች። ልጅቷ ሽበት ያየችበትን ሁሉ ጆሮው የማይሰማ እየመሰላት ትጮህ ነበር። «ቀስ በይ፣ አርጅተው ነው እንጂ ደንቁረው አይደለም» ትላታለች ሲስተር። ሁለቱም ከትምህርቱ ተጠቀሙ፤ ማን የበለጠ እንደተጠቀመ ግን እኔ አላውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ሁሉም የሚሳተፉበት ጥናት ተጀመረ። ቦታው የሠፈሩ አረጋውያን ቀን የሚውሉበት አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ አራት ሜትር የሚያህል መስመር በፕላስተር ተለጠፈ፤ ሽማግሌው ከዚህ እስከዚያ ይራመዳል፣ ሰዓት ይያዝለታል። ሦስት ጠረጴዛ ተደረደረ፤ በየጠረጴዛው አጠገብ መደገፊያ ክንድ የሌለው ወንበር ተቀመጠ። ዋናው ፈተና እሱ ነበር። ሰውየው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያጣምራል፣ «ይጀምሩ» ሲባል ያለ ማንም እርዳታ አምስት ጊዜ ተነስቶ ይቀመጣል፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ይጻፋል። ቀላል ይመስላል። ሰባ አምስት ያለፈው ሰው ይሞክረውና ይንገረኝ።

ፕሮፌሰሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎቹን እርስ በርሳቸው አለማመዱ። «ለኪው ከልኩ ውስጥ ይውጣ» ይሉ ነበር ደጋግመው። ሲስተር የሃያ ስድስት ዓመት ልጆችን አስቀምጣ አስነሳች፤ አንዲት ስህተት አልተገኘባትም። ሦስተኛው ጠረጴዛ ተሰጣት።

ሽማግሌዎቹ ወደፈለጉት ጠረጴዛ እንዲሰለፉ ተፈቅዶላቸው ነበር። የሲስተር ሰልፍ በሁለተኛው ቀን ግድግዳውን ይዞ እስከ በሩ ደረሰ። ከሰልፉ ፊት የሚቆሙት አንድ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበሩ፤ አርባ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዱ። ከወንበር ሲነሱ ለራሳቸው «አንደኛ ማርሽ» ይላሉ፤ ሁለት እርምጃ ሄደው «ሁለተኛ» ይላሉ፤ ከሁለተኛ ያለፉበት ቀን የለም። ሠፈሩ አንደኛ ማርሽ ብሎ ነው የሚጠራቸው። አዳራሹ ውስጥ ቃላቸው ይሰማል፤ እሳቸው የተሳፈሩበት ላይ ሁሉም ይሳፈራል። ሲስተር የለካቻቸው ዕለት «ብርቱ» የሚል የውጤት ወረቀት ተሰጣቸውና ለሳምንት ያህል ያላሳዩት ሰው አልነበረም።

ሲስተርም ደስ አላት። ሰልፉ የረዘመው ለጨዋታዋ መሰላት። ሃያ ሦስት ዓመት ከሽማግሌ ጋር ኖሬ ጨዋታ ካላወቅሁማ ምኑን ኖርኩት አለች። ወሩ ሲያልቅ በሦስተኛው ጠረጴዛ መቶ አሥራ ስምንት ሰው ለክታ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏ በዚህ የወንበር ፈተና ላይ ነው፤ እዚህ ዝግ ብሎ የተነሳ ሰው በኋላ ይወድቅ እንደሆነ ልትጽፍ።

አምስት ወር አለፈ። ፈቃዷ ሊያበቃ ዘጠኝ ሳምንት ሲቀረው፣ ካልኩሌተር ኮምፒውተሯን አቅፋ ላይብረሪ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሲስተርዬ፣ ያንቺ ሽማግሌዎች ጉድ ናቸው።»

«ምን ሆኑ?»

«መስመሩ ላይ ሲራመዱ ከሁሉም ያዘግማሉ። ከወንበር ሲነሱ ግን ከሁሉም ይቀድማሉ። እግራቸው ሲሄድ የሰማንያ ዓመት ነው፣ ሲነሳ የስልሳ። አንድ ሰው ሁለት ዓይነት እግር የለውም።»

«ወንበሬ ከፍ ያለ ይሆናል» አለች ሲስተር።

አዳራሹ ሄደው ወንበሮቹን በሜትር ለኩ። ሦስቱም አርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር። ሰከንድ የሚቆጥሩትን ስቶፕዎቾች አንድ ላይ አስነስተው አንድ ላይ አቆሙ፤ ልዩነት የላቸውም። ወንበሩ ደህና፣ ሰዓቱ ደህና። ካልኩሌተር ጣቷን ስትቆጥር ቆየችና ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ተወችው። የቀረው ማን እንደሆነ መናገር ከብዷት ነው።

ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄዱ። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል። ነገሩን ሰምተው ኮታቸውን አወለቁ፣ ከግድግዳው ሥር አንድ ወንበር ጎትተው ቢሮው መሃል አስቀመጡና ተቀመጡበት።

«እንግዲህ ለኪኝ» አሉ።

ሲስተር ስቶፕዎቹን ያዘች። ትእዛዙን ቃል በቃል አነበበች፤ «እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩ፤ ይጀምሩ ስል ያለ እርዳታ አምስት ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ። ይጀምሩ።» ፕሮፌሰሩ ተነሱ ተቀመጡ፣ ተነሱ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቆመው ቀሩ።

«ስንት?»

«አሥራ ሁለት ሰከንድ ከምናምን።»

«ይህ ጉልበት ከአሥራ ስምንት በታች ገብቶ አያውቅም» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን ለማጥለቅ ሚስቴን ጠርቻለሁ።» ወደ ካልኩሌተር ዞሩ። «ልጄ፣ ምን አየሽ?»

ካልኩሌተር አፏን በእጇ ይዛ ነበር። «እጇን» አለች።

«የምን እጅ?» አለች ሲስተር።

ከዚያ ወደ ታች አየች። ግራ እጇ አሁንም የፕሮፌሰሩ ክንድ ሥር ነው።

«አልገፋሽኝም» አሉ ፕሮፌሰሩ ረጋ ብለው። «አላነሳሽኝምም። ነካ ነው ያደረግሽኝ። ግን ይበቃል።»

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይባላል። ልምምዱ ላይ ያልታየባት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ለሦስቱም ገባቸው። የተለማመደችው በወጣቶች ነው፤ ያ እጅ ወጣት አይቶ አይዘረጋም። ሽማግሌ ከወንበር ሊነሳ ሲል ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይወጣል፤ ሃያ ሦስት ዓመት የወጣ እጅ ነው። መቶ አሥራ ስምንቱንም እንዲሁ አስነስታቸዋለች።

ካልኩሌተር ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀራት። የሲስተርን ፊት ስታይ ዋጠችው። ሲስተር ፕሮፌሰሩ የተነሱበት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ያሰበችው ስለ ጽሑፏ አይደለም። ያሰበችው ስለ ልብስ ሰፊው ነው። በየቀኑ ከአልጋ ስታስነሳቸው፣ በየቀኑ ከወንበር ስታስነሳቸው፣ ሐኪሙ ይነሳሉ ወይ ሲላት እንደ ጎረምሳ ስትል፣ እጇ የት ነበር? እዚህ ደህና ነበር የምነሳው ያሉት እውነታቸውን ነው። ያንን አንድ መስመር ጥያቄ ይዛ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ስታገላብጥ መልሱ ከትከሻዋ ተንጠልጥሎ አብሯት ይሄድ ነበር። ሲስተር አለቀሰች። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን መልሰው ለበሱ።

«ምን ይሻላል?» አለች ሲስተር ፊቷን ጠርጋ።

«ሦስተኛውን ጠረጴዛ ከጥናቱ እናውጣው ማለት ይቻላል» አሉ። «ጊዜ ይቆጥብልሻል።»

«ከሁሉም የሚያዘግሙት እኮ እነሱ ናቸው» አለች ካልኩሌተር። «ደካሞቹን አስወጥተን ስለ ድካም ልንጽፍ ነው?»

ፕሮፌሰሩ እንዲህ ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ ደስታቸውን ግን በጉሮሮ ማጽዳት ነው የሚገልጹት። የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። መቶ አሥራ ስምንቱን ሰው እንደገና መጥራት፣ የመጀመሪያው ልክ ስህተት እንደነበረ ለእያንዳንዱ መናገር፣ ከፈቀደ እንደገና መለካት። ዘጠኝ ሳምንት ነው ያለው፤ ሁለቱ ለመጻፍ ያስፈልጋሉ። ብርቱ ተብሎ ወረቀት የያዘ ሽማግሌ ደግሞ ወረቀቱን ለማስነጠቅ በእግሩ ይመጣል ወይ? ካልመጡ ሲስተር ባዶ እጇን ወደ ዋርዷ ትመለሳለች።

ቤት ስትገባ ባሏ ታሪኩን ሰማ። ከሱቁ ለደንበኛ አንገት የሚታሰረውን ነጭ ጨርቅ አመጣና «በዚህ እጅሽን ከወገብሽ ጋር ልሰርልሽ?» አላት። ልጇ ሶፋው ላይ ሆና «እኔ ስንት ዓመት ሙሉ እጅሽን ሰብስቢ ስል ከርሜ…» ብላ ጀመረች፤ እናቷን አየችና ተነስታ አቀፈቻት። ያን ዕለት ባሏ በስሟ ጠራት።

አንደኛ ማርሽ ካልመጡ ማንም እንደማይመጣ ታውቃለች። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄደች። ብቻቸውን የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስትወጣ መደገፊያው በየቦታው የላላ መሆኑን አየች፤ እጇ አንዱን ብሎን ሊያጠብቅ ሞክሮ ነበር።

በሩን ከፍተው ሲያዩዋት ደስ አላቸው። ሻይ ቀዱላትና የሚወዱት መቀመጫ ላይ ተቀመጡ። ከተወገደ አውቶቡስ የተነቀለ የሾፌር ወንበር ነው፤ ከሥሩ ሞላ አለው፣ ሲነሱ ወደ ላይ ያነጥራቸዋል። የውጤት ወረቀቱ ከፊት ለፊታቸው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

«ጋሼ፣ አንድ የማይነገር ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት» አለች።

«ሞቼ ከሆነ ቶሎ ንገሪኝ፤ ሻዩን አላባክነውም።»

ነገረቻቸው። ስለ እጇም፣ ስለ ሰከንዱም፣ ስለ መቶ አሥራ ስምንቱም፣ አንዱንም ሳታስቀር።  ስትጨርስ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው።

«አንቺ ሲስተር፣ አርባ ዓመት መኪና የነዳሁ ሰውዬ፣ ከኋላ የሚገፋኝ ሲኖር የማላውቅ መሰለሽ?»

«ያውቁ ነበር?»

«እኔ ብቻ? ሁላችንም እናውቃለን። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ተገትራ ነው የምታይሽ። ብትወድቂ ሰዓቱን ነው የምታቆመው። የዚያ ሁሉ ሽማግሌ ሰልፍ ለምን ወዳንቺ የሄደ ይመስልሻል? አንደኛው ለሁለተኛው እየነገረ ነው፤ ጉልበት የከዳው ወደ ሦስተኛው ይሂድ፣ እዚያ እጅ አለ ተባብለን ነው።»

ሲስተር ደነገጠች። ጨዋታዬን ወደው ነው ብላ የኖረችው ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ መጣ። ደካሞቹ መርጠው ነው የመጡባት፤ መስመሩ ላይ ከሁሉም ያዘገሙትም ለዚያ ነው። ካልኩሌተር ይህን ብትሰማ ወንበሯ ላይ ትዘላለች።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«ምን ብዬ? እጅሽን ውሰጂልኝ ብዬ?» ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጡ። «በኔ ዕድሜ ሳይጠሩት የሚመጣ እጅ ስንት ነው ብለሽ ነው? ልጄ አለች፤ ትመጣለች፣ አትጠላኝም፤ ግን ስልክ ደውዬ ነው የምጠራት። ያንቺ ግን አይጠየቅም፣ አይመሰገንም፣ አንቺ እንኳ አታውቂውም። ደስ አለን፤ ዝም አልን።»

ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ሻያቸውን ጠጡ።

«ሰኞ እንደገና ልለካዎት ይመጡልኛል?» አለች ሲስተር።

ሳቃቸው ጠፋ። ወደ ፍሪጁ አዩ። «ወረቀቴስ?»

«ይለወጣል።»

«ልጄ ከዚህ ቤት ውጣ፣ ከኛ ጋር ኑር ስትለኝ ከርማ፣ ይህን ካየች በኋላ ነው አፏን የያዘችው። ይህ ወረቀት ቤቴ ነው ሲስተር። ባልመጣስ?»

«ባይመጡ ማንም አይመጣም። ትምህርቴ እዚህ ላይ ይቆማል። ወደ ዋርዴ እመለሳለሁ፤ እሱ አይገድለኝም፣ ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬበታለሁ።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እኔን የሚገድለኝ ሌላ ነው።»

ስለ ልብስ ሰፊው ነገረቻቸው። ስለ ቁልፉም፣ እንደ ጎረምሳ ስላለችውም፣ በሦስተኛው ቀን ስለሆነውም። ይህን ለባሏ እንኳ እንዲህ አድርጋ ተናግራ አታውቅም።

«እሳቸውንም ብርቱ ብዬ ነው የሸኘኋቸው» አለች። «ያ ፍሪጅ ላይ የተለጠፈው የርስዎ ጉልበት አይደለም ጋሼ፣ የኔ እጅ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ቤት የለሁም። ደረጃውን ስወጣ ፈራሁ።»

 ስትሄድ «አንደኛ ማርሽ» ብለው ሊሸኟት ተነሱ፤ ሞላው አነጠራቸው። በሩ ላይ ሆነው ከኋላዋ ደረጃውን እስክትጨርስ ድረስ ቆዩ። ይመጣሉ አይመጡም፣ ከፊታቸው ምንም ማንበብ አልቻለችም።

ሰኞ ጠዋት ሲስተር አዳራሹን ከሁሉም ቀድማ ከፈተች። ወንበሯን አስቀመጠች፣ ቅጿን ደረደረች። ስቶፕዎቹን በቀኝ እጇ ያዘች፤ ግራ እጇን ወደ ኋላ ልካ የጋውኗን መቀነት አስጨበጠችው። እንዲህ ሆና ሰባት ቀን ቤቷ ውስጥ ተለማምዳለች፤ ባሏ ጉልበቱ እንዳበቃለት ሽማግሌ እየሆነ፣ መጠን እያለፈ እያቃሰተ አለማምዷታል። ካልኩሌተር በሩ አጠገብ ቆማ ወደ መንገዱ ታያለች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ማንም የለም።

«ሲስተርዬ» አለች ካልኩሌተር።

«አየሁ፣ ማንም አልመጣም።»

«አይደለም፣ ነይ እይ።»

መንገዱ ላይ አንደኛ ማርሽ ይመጣሉ። በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚመጡት፤ የዘገዩትም ለዚያ ነው። ከኋላቸው ማንም ሊቀድማቸው ያልደፈረ ሃያ የሚያህል ሽማግሌና አሮጊት ተከትሏቸዋል፤ እሳቸው ሲቆሙ ሁሉም ይቆማል፣ እሳቸው ሲንቀሳቀሱ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። ገቡና በሦስተኛው ጠረጴዛ ፊት ተሰለፉ። ሽማግሌው ከኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ለልጄ እኔው ራሴ ነግሬያታለሁ» አሉ። «ቤቱን አልለቅም። የደረጃውን መደገፊያ ግን ልታሠራው ነው። በይ ለኪኝ።»

ተቀመጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። ሲስተር ትእዛዙን አነበበች፤ «ያለ እርዳታ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሁለቱም ተያዩ። «ይጀምሩ።»

«አንደኛ» አሉና ተነሱ። ተቀመጡ። «ሁለተኛ።» አዳራሹ ሁሉ ያያል። ሦስተኛው ላይ እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሲስተር ግራ እጅ ከኋላዋ መቀነቱን ሊበጥሰው ደረሰ። «አራተኛ» ብለው በግማሽ ድምፅ ተነሱ፣ ተቀመጡ። አምስተኛው ላይ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አሉ፤ እዚያው አየር ላይ ቆዩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ዓይናቸው እሷን አላያትም፤ ላለማየት ነው የታገሉት። ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ፣ እጇን ይዛ ቆመች። በዕድሜዋ ይህን ያህል ከባድ ነገር ይዛ አታውቅም። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ስቶፕዎቹን አቆመች።

«ምን ጻፍሽ?» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«ቅጹ ላይ አልጨረሱም ነው የሚለው። ከጎኑ ግን አራት ጊዜ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«አራቱ የኔ ናቸው?»

«የርስዎ ብቻ ናቸው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኛው አምስቱ አይጣፍጥም ነበር» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ሰዓቱ ቆሟል?» ብለው ጠየቁ።

«ቆሟል።»

«እንግዲያው እጅሽን ስጪኝ።»

ሲስተር ስቶፕዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ጥብቅ አድርገው ይዘው ተነሱ፤ ከተነሱም በኋላ ወዲያው አልለቀቋትም። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረው «ዛሬ ነዳጁ በየራሳችሁ ነው» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ከሰልፉ የወጣ አንድም ሰው አልነበረም። ሲስተር ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ጠርጋ ግራ እጇን መልሳ መቀነቱን አስጨበጠችና ሁለተኛውን ሰው ጠራች፤ መቶ አሥራ ሰባት ቀርተዋት ነበር።